«ዛሬ ሲቲ አያስፈልግም»

አባቴ አዲ አርቃይ አካባቢ የአንድ ደብር መሪጌታ ናቸው። የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ይዟቸው ጎንደር ታከሙ፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለክትትል የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። በመጣን ቁጥር ሲቲ ስካን ስለሚነሡ፣ ያለዚያ ማሽን ሕክምና ያለ አይመስላቸውም።

ባለፈው ግን ሐኪሟ የደም ውጤታቸውን አየች፤ አንገታቸውንና ብብታቸውን ዳሰሰችና፣ «ዛሬ ሲቲ አያስፈልግም» አለች።

«ተስፋ ቆርጠውባቸዋል» አልሁ በልቤ። አባቴም እንደ እኔው ተረድተውት ኖሮ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩና በረጋ ድምፅ መናዘዝ ጀመሩ።

«በቅሎዋን ለእኅትህ ስጣት። መጻሕፍቱ ለደብሩ ይሁኑ። እኔን ከእናትህ አጠገብ…»

እንባዬ መጣ። ሐኪሟ ግራ ተጋብታ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«አባቴ፣ ምን ሆኑ? ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለቻቸው።

«ምነው ልጄ! ማሽኑንም ከከለከላችሁኝ ከመቃብር ሌላ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ኧረ በስመአብ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ያለፈው ሲቲ ምንም በሽታ አላሳየም፤ የዛሬው ምርመራም ጥሩ ነው። የሲቲ ጨረር ሲደጋገም የራሱ ጉዳት አለው። ሕመም ስንጠረጥር ጥቅሙ ስለሚበልጥ እናነሣዎታለን። እንዲህ ደህና ሆነው ሳለ ግን ያለ ምክንያት ለምን ለጨረር ላጋልጥዎት?»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስሁ። አባቴ ሐኪሟን ቆጣ ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ይህን አስቀድመሽ አትናገሪም? ሞቼ እኮ ነበር!»