የአባቷ ማንጎ በሙቅ ውሃ

መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ከማንጎ ጋር ባይውል ይሻለዋል። እሷ ግን ውሎዋ ከማንጎ ጋር ነው። የምትሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ሠራተኞች «ችኩሊት» ይሏታል፤ ሥራዋ ሙቅ ውሃ ገንዳው ላይ ነው። ማንጎ በሽታውን ከዛፉ ይዞት ይመጣል። ሻጋታው ልጣጩ ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ፍሬው ሲበስል ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ጥሬው ማንጎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ግን የሻጋታው ድምጥማጥ እዚያው ይጠፋል። ውሃው ከቀዘቀዘ ልፋቱ መና ነው፤ ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ልጣጩ ይቃጠላል። ስለዚህ ከሙቀት መለኪያው ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወደ መለኪያው ስትመላለስ ትውላለች።

ጭንቁ የመጣው በአባቷ በኩል ነው። ማንጎአቸው ገበያ ሳይደርስ እየጠቆረ ነጋዴ ሁሉ ሸሻቸው። «ዛፎቹን ገንድሼ ለከሰል እሰጣለሁ!» ብለው ተነሡ። ሟች እናቷ የተከለቻቸው ዛፎች ናቸው። ለምና፣ ተለማምጣ አንድ ሣጥን ተቀበለቻቸው።

«ቀቅለሽ ልታበይኝ ነው?»

«ኧረ አባባ! ሲበስል መጥተው ይዩት። ከጠቆረ እንዳሻዎት ያድርጉ።»

ነክራ፣ አቀዝቅዛ፣ ቤቷ ወስዳ አልጋ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። ትነሣለች፣ ታጎነብሳለች፣ ከላይ አንዱን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ ትመልሳለች። እህል አልወርድ አላት። ትዕግሥተኛው አናጢ ባሏ እንኳ ተንገፈገፈ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንቁላል ነው እንዴ የታቀፍሽው? ተይው ይብሰል!»

«ልየው ብቻ።»

«አሁን አየሽው እኮ!»

አንድ ጠዋት አንዱ ፍሬ ላይ ጥቁር ነገር አየች። ክው አለች። ሌሎቹም እንዳይጠቁሩ ሰግታ ይባስ ብላ የላይኞቹን ሁሉ መጫን ጀመረች። አባትየው ሲመጡ የላይኛው ረድፍ እንዳለ ጠቁሯል። ሽማግሌው ወደ በሩ ዞሩ። ቢሰድቧት በተሻላት ነበር።

ባልየው ግን አንዱን አንሥቶ አገላበጠ። «ቆይ እስቲ» አለና እጇን ይዞ አውራ ጣቷን ጥቁሩ ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ። ሌላውም ላይ ልክክ። «ወይ ጉድ! ይሄ በሽታ አይደለም፣ አንቺ ነሽ!» እጇ ያልደረሰባቸውን የታችኞቹን ገለጠ። ቢጫ፣ ንጹሕ፣ እንከን የማይወጣላቸው። ችኩሊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አባትየው ተመልሰው ከታች አንዱን ላጡና ቆመው በሉት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ያዛቸው።

«እናትሽም ችግኝ ትተክልና ሥር ሰደደ አልሰደደ እያለች በየቀኑ ትነቅለው ነበር» አሉ። «ስንቱን አደረቀችው መሰለሽ! ዛሬ የቆሙት እኔ ከእሷ የደበቅኳቸው ናቸው። እኔ ከንቱ፣ እነሱን ነው ልገነድስ የተነሣሁት።»