በተረት የሚጠበቅ ሣር

ልጅ ሳለሁ፣ ከሐርጌሳ ወጣ ብሎ ባለው ሸለቋችን፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ በሚሞላው ወንዝ ዳር ያለው ሣር አጥር አልነበረውም፤ የሚጠብቀው ተረት ነበር። ሽማግሌዎቹ «ሰሬ» ብለው ይዘጉታል፤ ድርቁ ጠንቶ ራሳቸው እስኪከፍቱት ድረስ የማንም ከብት አይገባበትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእናቴ አጎት ነበር፤ ሁላችንም አብቲ እንለው ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ የግራር ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙን ከበን እናዳምጠዋለን።

ተረቱ ሁሌም ያው ነው፦ ሣር እንድትጠብቅ የተሾመች አህያና «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያለ የሚለምናት እንስሳ። እንስሳው ግን በየምሽቱ ይለያያል፤ ቀን ላይ አብቲን ሊለምን የመጣውን ሰው ይመስላል። አንድ ምሽት ጉሮሮውን ሳይጠርግ የማይናገር ከርከሮ መጣ። ሁሉም ወደ ጎረቤታችን ወደ ዑመር ዞሮ ሳቀ።

«ከርከሮ ደግሞ መቼ ነው ሣር የሚበላው?» አለ ዑመር ጉሮሮውን ጠርጎ።

«የሰው ሲሆን ይበላል» አለ አብቲ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ያለችን አንዲት እርጉዝ ላም አጥንቷ ወጣ። አባቴ ወደ ሰሬው አሻግሮ ማየት አበዛ፤ እናቴ ደግሞ እሱን ማየት። ያኔ እኔ ከጅብ ይልቅ የምፈራው አብቲ አፉን የሚከፍትበትን ሰዓት ነበር፤ የዛሬው እንስሳ እንደ አባቴ ረጅም ቢሆንስ? አባቴ እንዳይለምን ዱዓ አደርጋለሁ፤ ላሟ እንዳትሞትም ዱዓ አደርጋለሁ። ሁለቱ እንደማይስማሙ በልጅ አእምሮዬም ገብቶኝ ነበር።

አንድ ምሽት አባቴ ላሟን እየሳበ ፍሙ አጠገብ አቆማት።

«አብቲ፣ እስቲ ይዩዋት።»

አብቲ ተነስቶ ጎኗን ዳበሰ። «አየኋት፣ ልጄ። ለአንተ ከከፈትኩ ነገ ለማን እዘጋለሁ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው።»

«አህያዋንም እንዲሁ ነበር ያሏት።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ላሟን ይዞ ተመለሰ።

ሰሬው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ላሟ ሞተች። ሲከፈት የሌሎቹ ከብቶች ተረፉ፤ እንደ ወጉም ከየቤቱ ወተት ይመጣልን ጀመር። ዑመር ቅሉን ለእናቴ ሲያቀብል «ከከርከሮው ነው በያቸው» አለ። አባቴ ጠጣ፤ ቀና ብሎ ግን ዑመርን አላየውም።

ኢትዮጵያ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ሕዝቡ ሸለቆውን ራሱ እንዲጠብቅ በሚያግዝ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ለዛሬ ብቻ» ሲል አሁንም እፈራለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን ለይቼ አላውቅም። የኛ ሰሬ እስከ ዛሬ አለ። ሊጎበኙት የሚመጡ እንግዶች ደንቡ ፍትሐዊ ነበር ወይ ይሉኛል። ነበር እላቸዋለሁ። ላሟ ግን የእኛ ነበረች።