አክስቴ ያስወለቁን ሹራብ

መርሳ ላይ ያሳደጉን አክስቴ ለገና አዲስ ሹራብ ይገዙልን ነበር። ጠዋት ያለብሱናል፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በር ላይ አስወልቀው ለጎረቤት ችግረኛ ልጆች ይሰጡብናል።

«እትዬ፣ ለዚያች ልጅ አሮጌውን ልስጣት?» ብዬ አለቅሳለሁ።

«አሮጌውንማ አንቺ ልበሽው! ካላንገበገበሽ ምኑን ሰጠሽው?» ብለው እጅጌዬን ይጎትታሉ። ከዚያ እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ልጅቷ በሹራቤ ስትቦርቅ ቆሜ እንዳይ ያደርጉኛል። ጨካኝ ነበሩ፤ ሞቱ ብዬ ደግ አላደርጋቸውም።

ዘንድሮ ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ገና ነው። ለልጄ ቀይ ሹራብ ገዛሁላት። አምና እሷንም አስወልቀዋት፣ እያለቀሰች ነበር የገባችው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በር ላይ ቀጥ አለች። ጎረቤት ያለችው ልጅም በአጥር ቀዳዳ ታያለች። ልጄ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

እጅጌዋን የሚጎትት አልመጣም።