ቁልቁለቱን በፎሌ የወረድኩበት ቪዲዮ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ሲግናል ሰፈር፣ ወላጆቼ ቤት፣ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ለአዲሱ የቪዲዮ ቻናሌ የጭነት መኪና የሚነዳበትን ጨዋታ ከፈትኩ። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ «ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ ዳገት እንወጣለን» አልኩ። መልሼ ስሰማው ድምፄ ዕቃ ሰብራ የተደበቀች ልጅ ድምፅ ይመስላል። አጠፋሁትና ማይክሮፎኑን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል እንኳ ከኋላ ቆሜ አፌን ብቻ የማንቀሳቅስ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቪዲዮዎቹን ያለ ድምፅ ለመሥራት ወሰንኩ። ጨዋታውን እቀርጻለሁ፣ አሰልቺውን ቆርጬ አወጣለሁ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ከሥር እጽፋለሁ።

ርዕሴን ያጠበብኩት ሆን ብዬ ነው። የኳስ ጨዋታ የሚያሳዩ ሞልተው ነበር። እኔ የያዝኩት ከባድ መኪና ብቻ፣ እሱም ተራራማ መንገድ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ማንም አልነበረም፤ ማንም ከሌለ ደግሞ የሚያፍሩት ሰው የለም።

የቤታችን ኢንተርኔት ቪዲዮ የመጫን አቅም አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬን በፍላሽ ይዤ፣ ለባቡሩ የተቆፋፈረውን መገናኛን እየዘለልኩ፣ ሰብለ የምትባል ሴት ኢንተርኔት ቤት እሄድ ነበር።

«መጣች ሾፌሯ! ዛሬ ምን ጫንሽ?» ትለኛለች ገና ከበር።

«ሲሚንቶ።»

«በይ ጥግ ይዘሽ አቁሚ፤ ደንበኛ እንዳትገጪብኝ።»

በስምንት ወር ውስጥ ተከታዮቼ ከዘመዶቼ በለጡ። አብዛኞቹ እውነተኛ ሾፌሮች ነበሩ፤ ሁሉም ደግሞ «ወንድሜ» ይሉኛል። አንዱ «ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ኩርባው አመለጠኝ፤ አፍ የለህም እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም።

ከዚያ ያ ቪዲዮ መጣ። ጨዋታው ነዳጅ ለቆጠበ ነጥብ ይሰጣል። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ ካደረጉት፣ ሾፌሮች ፎሌ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ነዳጅም አይበላም፤ ነጥቡም ሙሉ ይሆናል። ይህን ያገኘሁት ራሴ ስለነበርኩ ኮራሁበት። ከሥሩ «ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መቆጠቢያ ዘዴ» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋታው ውስጥ ብቻ እንደሚሠራ ግን አልጻፍኩም።

በሳምንቱ ሰብለ ቤት ስከፍተው፣ የቀደሙት ሁሉ ተደምረው ያላገኙትን ተመልካች አግኝቷል። ከአስተያየቶቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ ተባረክ። ደሳለኝ እባላለሁ፤ ከእንጦጦ ባህር ዛፍ ነው የማወርደው። ሦስተኛ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በቅርቡ ነው። ሰኞ እሞክረዋለሁ።»

ደስታዬን ይዤ ለጋሽ ወርቁ ልነግራቸው ሮጥኩ። ጋሽ ወርቁ ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ፣ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ይዘው ዕድሜያቸውን ተሳቢ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና ሬዲዮናቸውን ዘጉ።

«በፎሌ? ጭኖ?»

«አዎ ጋሼ። ነጥቡ ሙሉ ነው የሚሆነው።»

«ነጥቡን ተይው። ፎሌ ስታደርጊው መኪናውን ማን ያዘው?»

«ፍሬን።»

«ፍሬን ብቻውን። የጨዋታሽ ፍሬን ይግላል?»

አስቤው አላውቅም። «አይግልም» አልኩ።

«የልጁ ግን ይግላል። ሲግል ደግሞ አይዝም። ጭነት ይዘሽ ስትወርጂ ከባድ ማርሽ፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ፣ ታስገቢያለሽ፤ ሞተሩ ራሱ ያዝ ያደርገዋል።»

ወደ መገናኛ ተመለስኩ። ቪዲዮውን ላጠፋው ነበር፤ ካጠፋሁት ግን ለደሳለኝ የምጽፈው መልስም አብሮ ይጠፋል። አስተያየቱ ሥር «እባክህ አትሞክረው፣ ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አልመለሰም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አየሁ፤ አሁንም ምንም የለም።

«እንግዲህ ነገ ጠዋት እንወጣለን» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ባህር ዛፍ የሚጫንበትን አውቀዋለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ ስለ ቪዲዮ ምን አውቄ!»

ሰኞ ጠዋት ግማሹን በታክሲ፣ ግማሹን በእግር ወጣን። ሦስት መኪናዎች ቆመዋል፤ አሥር የሚሆኑ ወንዶች አጣና ይጭናሉ። ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና በአገጫቸው ወደ ሰዎቹ ጠቆሙኝ።

«ደሳለኝ የሚባል አለ?» አልኩ። አጠገቤ ያለው እንኳ አልሰማኝም። አንደኛው መኪና ተጭኖ፣ ጭነቱ በገመድ ታስሮ፣ ሞተሩ ተነሳ።

«ደሳለኝ! በፎሌ እንዳትወርድ!»

ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሁሉም ዞሩ።

«ደሴ፣ ሚስትህ መጣችልህ!» አለ አንዱ ከጭነቱ ላይ።

«ሚስቱ አይደለሁም» አልኩ ላብ አጥምቆኝ። «የመኪናው ጨዋታ... ቻናሉ የእኔ ነው።»

ሞተሩ ጠፋ። ከጋቢናው አንድ ቀጭን ወጣት ወረደ። «ወንድሜ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ አንቺ ነሽ?»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩ። «መልሴን አላየኸውም?»

«ካርድ አልቆብኛል። ቪዲዮሽን ግን ለእነዚህ ሁሉ አሳይቻቸዋለሁ።»

«ተሳስቼ ነው። ጨዋታው ውስጥ ፍሬን አይግልም። ሰው ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት።»

ጭነቱን አየ፤ ቁልቁለቱን አየ። «እኔማ አሁን ልሞክረው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«በል ግባ» አሉት ጋሽ ወርቁ። «አንቺም ግቢ። ስልክሽን አውጪና ቅረጪ።»

ሦስታችን ጋቢና ገብተን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ጋሽ ወርቁ «ሞተሩን ስሚው፣ እያጉረመረመ መኪናውን የያዘው እሱ ነው» ይሉኛል። እኔ እጠይቃለሁ፤ አሁን ፍሬን ለምን ነካ? ለምንስ ቶሎ ለቀቀው? ማርሹን የሚያስገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው ወይስ ከጀመረ በኋላ? ሳይጀምር ነው። ታች ስንደርስ አፌ ደርቆ ነበር።

ደሳለኝ ሞተሩን አጥፍቶ ሳቀ። «አፍ የለህም እንዴ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ፤ ከበቂ በላይ አለሽ።»

ቤት ገብቼ ማይክሮፎኑን ከካርቶኑ አወጣሁ። «ባለፈው ያሳየኋችሁ ስህተት ነው» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ያው የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ነበር፤ አላጠፋሁትም። ከጋቢናው የቀረጽኩትን የሞተር ድምፅና የጋሽ ወርቁን ማብራሪያ አስከተልኩበት፤ የድሮውን ቪዲዮ ከቻናሉ አነሳሁት። አንድ ተመልካች «ወንድማችን የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። የቀሩት የራሳቸውን ቁልቁለት እየቀረጹ ይልኩልኝ ጀመር፤ ቻናሉ ያደገው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ወርቁን ፈታኝ አድርጌ ሾምኳቸው። ዓርብ ዓርብ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ቪዲዮ ያያሉ፤ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና «አልፈሻል» ወይም «ወድቀሻል» ይሉኛል። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ወደቅኩ።

ጠባብ ርዕስ የያዘ ቻናል ተመልካቹ ጥቂት ነው፤ ያየውን ግን ሥራው ላይ ይሞክረዋል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያላየውን ቪዲዮ አልጭንም።