የጋሽ ደምሴ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ጆሮዬን ልመረመር ሄጄ ነበር። መርማሪዋ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ አደረገችልኝና፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን እንዳነሣ ነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። በኋላ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ በመስታወቱ በኩል ፊቷን አየሁ፤ ቅንድቧ ከፍ ያለ መሰለኝና ምንም ሳልሰማ እጄን አነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ ሴት፣ ሰባን ካለፍኩ በኋላ አጭበረበርኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ።

ነገሩ አሰላ ነው፤ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሦስት አራት ዓመት በፊት። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሲሆን ገና ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘግይቼ ስለጀመርኩ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ደረቴ ላይ ነበር የሚደርሱት። አባቴ፣ ይህን ያህል ካደገች በኋላ ምን ትማራለች ብሎ ሊያስቀረኝ ሲል፣ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ እኛ ጋራዥ እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ ትፈለጋለች ብለው አሳመኑት። የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ እጠብቃለሁ።

ጋሽ ደምሴ ፊደል አልቆጠሩም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሚስታቸው የቋጠሩላቸውን፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ እያካፈሉኝ የሞተር መጽሐፍ ያስነብቡኝ ነበር። መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ፣ ቃል ሳልዘል እተረጉምላቸዋለሁ። አንድ ቀን ስለ ኢንጀክተር አነበብኩ። ኢንጀክተር ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ ነው፤ ሲበላሽ መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ያቅተዋል። መጽሐፉ እንዲህ ይል ነበር፦ ናፍጣ የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ በጣት ሲያዝ እንደ ደም ሥር ይመታል፤ ምቱ ከሌሎቹ የደከመው፣ የታመመው እሱ ነው።

ጋሽ ደምሴ ሳቁ። «ይሄማ ለደንቆሮ የተጻፈ ነው። መካኒክ በጆሮው ነው» አሉ።

እውነትም የታወቁት በጆሯቸው ነበር። ከጎበሳም ከአርቦዬም መኪና የሚመጣላቸው ለዚያ ነው። ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ቧንቧ ማሰሪያ ዳዶ በተራ ላላ፣ ጠበቅ ያደርጋሉ። ደህናው ሲላላ ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ የታመመው ሲላላ ግን ድምፁ ንቅንቅ አይልም። ድሮም አይሠራማ።

በበጋ ምንም አይታወቅባቸውም። የገባኝ ክረምት ሲገባ ነው። አሰላ በሐምሌ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ከዝናቡ ጋር ሲገጥም፣ ሰው ሁሉ አፉን በጋቢ ሸፍኖ ነው የሚያወራው። ለካ ጋሽ ደምሴ የሰው ንግግር የሚለዩት አፍ አፉን እያዩ ኖሯል፤ የሞተሩንም ድምፅ ከቆመው ሰው ፊት። ያን ክረምት ሁለት መኪና ጠግነው ሁለቱም ተመለሱ። የጋራዡ ባለቤት አቶ ወልዴ፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ አሰናብታቸዋለሁ ብለው ለእኔም ነገሩኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ልል አልችልም።

በዚያው ሰሞን አቶ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ከጎበሳ እህል የጫነ መኪናቸውን እያስጎተቱ ደረሱ። ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው፣ «ደምሴ፣ ይቺ መኪና ዳገት ስታይ እንደ አሮጊት ታለከልካለች። ስንት ቀን ታስቀምጥብኛለህ?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ፈገግ ብለው፣ «ደህና ነን፣ ዝናቡ ነው እንጂ» ሲሉ መለሱ። አቶ ከድር ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አቶ ወልዴ አልሳቁም።

ሞተሩ ተነሣ። ጋሽ ደምሴ አንደኛውን ላላ አደረጉ፤ ሞተሩ ተንገዳገደ። ሁለተኛውን ሲያላሉ ድምፁ ምንም አልሆነም። ቀና ብለው ፊታችንን አዩ፤ ከዓይናችን በቀር የሚታይ የለም። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ነክተው ትንሽ ቆሙና ሦስተኛውን በመፍቻው መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ነው» አሉ።

«ሁለተኛው ነው እንጂ ጋሽ ደምሴ። አልሰሙትም?» አልኩ።

ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። «ምን አልሽ ልጄ?» አሉኝ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ትክክል ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የነበረኝ ንብረት ትክክል መሆን ብቻ ነበር። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩላቸው። «አልሰሙትም?» የሚለውን ጭምር።

ጋሽ ደምሴ መፍቻውን በጨርቅ ጠርገው ሰጡኝ። «እንግዲያው አንቺ ፍቺው» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁለተኛው ተፈታ። ከቧንቧው ጋር በውጭ ተገጣጥሞ ሞተሩ ሲዞር አልረጨም፤ ጥቁር አፉ ላይ ናፍጣው ጠብ ጠብ አለ። አቶ ከድር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ጎበዝ አሉኝ። ኮራሁ። ሳልደብቅ ልናገር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮርቻለሁ።

ከሳምንቱ በኋላ ጋሽ ደምሴ መፍቻዎቻቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። አቶ ወልዴ አሰናብተዋቸው፣ አርቦዬ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ነበር። ከረጢቱን ቋጥረው ሲጨርሱ፣ «እጄን ቧንቧው ላይ ባሳርፍ አገኘው ነበር። መጽሐፍሽ ልክ ነው። ግን እናንተ ፊት እንዴት አድርጌ?» አሉኝ። ከዚያ፣ ትምህርቴን እንዳላቋርጥ አደራ ብለውኝ በዝናቡ ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ትምህርቴን አላቋረጥኩም። አስተማሪም ሆንኩ። የቱንም ያህል ቢበርድ አፌን ሸፍኜ ሰው አላናግርም፤ ተማሪዎቼ ይገርማቸው ነበር።

ይህን ሳስብ ያቺ መርማሪ ልጅ በሩን ከፍታ ገባች። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አንሥታ ገመዱን ነካ ነካ አደረገችው። ጎንበስ ብላ፣ አፏን እንዳየው አድርጋ፣ «እማማ፣ ይሄ ዕቃ አንዳንዴ ያስቸግረናል። ከመጀመሪያው ብንደግመው ቅር ይልዎታል?» አለችኝ።

ዕቃው ምንም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እንዲህ ማለት ይቻል ኖሯል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ አልያዝኩትም፤ አንዴ ይድገሙልኝ» ብዬ፣ ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ራሴ ጣቴን ቧንቧው ላይ ባሳርፍ፣ እሳቸውም ተከትለው ያሳርፉ ነበር፤ የሚጎድልብኝ ነገር አልነበረም። ለደንቆሮ የተጻፈ ነው ተብሎ ቢሳቅ እንኳ የሚሳቀው በእኔ ነበር።

«እንድገመው» አልኳት።

በሩን ዘጋች። በዚህኛው ጊዜ እጄ ጉልበቴ ላይ ብዙ ቆየ።