ፋራህ ከሐርጌሳ ያመጣው ማኒፎልድ

ባለፈው ማክሰኞ አዳማ ውስጥ መኪናዬን ላስጠግን ገብቼ ስጠብቅ፣ ቱታው በዘይት ብዛት ቀለሙ የጠፋ አንድ ወጣት የአሉሚኒየም ማኒፎልድ ቤንዚን ባለበት ሳፋ ውስጥ ነክሮ በጥርስ ብሩሽ ሲያጥብ አየሁ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ከተቀመጥኩበት የፕላስቲክ ወንበር ተነስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ልጁ የቤንዚኑ ሽታ ያስቸገረኝ መስሎት ተከትሎኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? እኔ በዚያች ሰዓት ጅግጅጋ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ የደብተር ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ቆሜ ነበር።

አባቴ ተስፋዬ የወታደር ልጅ ነበር፤ አያቴ ለግዳጅ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ አባቴ ደግሞ እዚያው ተወልዶ ከጅግጅጋ ነፋስና አቧራ ሌላ አገር የማያውቅ። ያለችው ንብረት ስምንት ፒስተን ያላት፣ ቤንዚን እንደ ውሃ የምትጠጣ አሮጌ የጭነት መኪና ብቻ ነበረች። የናፍጣ መኪና ያላቸው ሹፌሮች «ተስፋዬ፣ ማደያውን ከኋላህ አስረህ ብትጎትተው ይሻልሃል» እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቅና፣ ቤት ሲገባ ግን እናቴ ፊት ለመኪናዋ ጥብቅና ይቆምላት ነበር። በእሷ ሜዳው ላይ ወዳለው የሐርተሼክ ገበያ ውሃ ይወስዳል፣ ከሐርተሼክ የነጋዴ ልብስና ምንጣፍ ጭኖ ይመለሳል፣ አንዳንዴም የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ሐረር ይዘልቃል፤ እኛ አምስት ልጆች የበላነውም የተማርነውም በዚያች መኪና ነው።

ጎረቤታችን ፋራህ ሐርተሼክ ገበያ ልብስ የሚነግድ፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሲስቅ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ሰው ነበር። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ የወታደር ዘር የተባለ ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ፋራህ ወንበር አውጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ደጃችን ላይ ተቀመጠ። ሌላ ምንም አላደረገም፤ ሻዩን እየጠጣ ያለፈ ያገደመውን ሰላም ይል ነበር። በራችንን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አባቴ ለፋራህ «እምቢ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። የፋራህን ሚስት ሆዳንን ልጆቿ በሶማልኛ «ሆዮ»፣ እናቴ፣ ሲሏት ሰምቼ እኔም ሆዮ እላት ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችንን አልፌ መጀመሪያ የምገባው እሷ ዘንድ ነው፣ ላሆህ የሚሉትን ስስ ቂጣ በማር አጥቅሳ ታጎርሰኛለችና።

መንግሥት ከተለወጠ ከአራት ይሁን ከአምስት ዓመት በኋላ የመኪናዋ ማኒፎልድ ተሰነጠቀ። ማኒፎልድ ካርቡሬተሩ የደባለቀውን አየርና ቤንዚን ተቀብሎ፣ እንደ ደህና እመቤት ለየፒስተኑ ድርሻውን የሚያዳርስ ብረት ነው። ሲሰነጠቅ መኪናዋ ማፏጨት ጀመረች። መካኒኩ ጋሽ ወንድሙ በሳሙና ደፈነው፣ አስበየደው፣ በመጨረሻ «ሌላ ፈልግ» አለ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ተገኘ። አንደኛውን ጋሽ ወንድሙ ራሱ ቀብሪበያ መንገድ ላይ ተገልብጦ ከቀረ መኪና አስፈትቶ አመጣው፤ ዝገት የበላው፣ በሁለት ሰው የሚነሳ የብረት ጓል። ሁለተኛውን ፋራህ ከሐርጌሳ፣ በአዲስ ሽርጡ ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በየፍተሻው ተጨቃጭቆ አመጣው፤ ከዱባይ የገባ አዲስ አሉሚኒየም፣ ፊትን የሚያሳይ። ዋጋውን ሲጠይቁት ተቆጣ።

ፋራህ ከሄደ በኋላ ጋሽ ወንድሙ ሁለቱንም ግቢያችን ውስጥ በቤንዚን አጥቦ፣ ጆንያ ላይ አጋድሞ ውስጣቸውን በባትሪ እያበራ መረመረ፤ እኔም የደብተር ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ከጀርባው አጎንብሼ አየሁ። የብረቱ ሆድ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የአዲሱ ሆድ እንደ አዳራሽ ወለል ያለ ነው።

«ይሄ ለሩጫ የተሠራ ነው» አለ አዲሱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ። «ሜዳ ላይ ትበርልሃለች። ዳገት ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። አንተ ደግሞ ካራማራን ነው የምትወጣው። ብረቱን እንሰር።»

አባቴ ሽርጡን ሲያጣጥፍ ቆየ። «ሰውዬው ከሐርጌሳ ድረስ ታቅፎት መጥቶ፣ እንዴት ብዬ?»

«መኪና ይሉኝታ አይገባትም፣ ተስፋዬ።»

አዲሱ ታሰረ። ወደ ሐርተሼክ ሜዳው ላይ መኪናዋ በእርግጥ በረረች፤ ፋራህ ጋቢና ተቀምጦ እያጨበጨበ «ወላሂ፣ አውሮፕላን!» ይል ነበር፣ አባቴም ከልቡ ይስቅ ነበር። ካራማራ ላይ ግን ማሳል ያዘች፤ በዝግታ ስትነዳ ትታፈንና ትጠፋለች። አባቴ ጭነቱን ቀንሶ ሁለት ጊዜ መመላለስ ጀመረ። ፋራህ ሲጠይቀው ቤንዚኑ ውሃ አለበት ይለው ነበር። ውሸት የማይሆንለት ሰው ስለነበር ይህን ሲል ጆሮውን ያሻሽ ነበር።

በዚያው ክረምት፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ሆዮ ምጥ ጠናባት። የጅግጅጋው ሐኪም ሐረር ውሰዷት አለ። አንድ ዘመዳቸው የኪራይ ፒክአፕ ይዞ በራቸው ድረስ መጣ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ፋራህ ግን በእጁ ምልክት መለሰው። «ወርያ፣ አንተ፣ የወንድሜ መኪና እዚህ ቆማ በባዕድ መኪና? ፍራሽ አንጥፈን እንደ ቤቷ ትተኛለች» አለና ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ አፉን ከፈት አደረገ። አየሁት። ከዚያ ጆሮውን አሸት አድርጎ፣ «እሺ፣ እንሂድ» አለ።

የቀረውን ከሰው ነው የሰማሁት። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ሆዮ ትጮሃለች፣ አብረዋት ያሉት ሴቶች ጣሪያውን እየደበደቡ «ቀስ፣ ቀስ!» ይላሉ። ቀስ ሲል ሞተሩ ይታፈናል፣ ሲያስጮኸው እሷ ትጮሃለች። ካራማራ ወገብ ላይ መኪናዋ ጠፋች። አባቴ ባትሪው እስኪደክም ማስነሻ ሞተሪኖውን መታ፣ ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ ረፈደ። ሕፃኑ እዚያው ፍራሹ ላይ ተወለደ፤ ወንድ ነበር፣ አላለቀሰም። ሆዮ ተረፈች። የሐረሩ ሐኪም ቀድመውም ቢደርሱ ላይተርፍ ይችል ነበር አለ፤ ይህችን «ይችል ነበር» አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተደግፎ ኖረ።

በአራተኛው ቀን አባቴ ፋራህ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገረው። እኔ ከሆዮ እግር ሥር ተቀምጬ ነበር። ፋራህ አልጮኸም። «ለምን አልነገርከኝም፣ ተስፋዬ? ብረት ነው እኮ። ገበያ አውጥቼ እሸጠው ነበር» አለ። ሆዮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በነጋታው አባቴ አሉሚኒየሙን በገዛ እጁ ፈትቶ የብረቱን አሰረ፤ መኪናዋም ካራማራን ሳትተነፍስ ወጣችው፤ ያን ቀን ሲመለስ እራት አልበላም። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ሰላም ይባባላሉ፣ በበዓል ይጠያየቃሉ፣ ግን ፋራህ ጋቢና ውስጥ ዳግመኛ አልተቀመጠም፤ በዓመቱ ቤቱን ሸጦ ቤተሰቡን ይዞ ሐርጌሳ ገባ። ሆዮ ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝ።

ዛሬ ካራማራን ሚኒባሶች እያፏጩ ይወጡታል፤ ተሳፋሪው ስልኩን ያያል እንጂ መንገዱን አያይም። አባቴ አርፏል፣ መኪናዋ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች። ያ ካራማራ ላይ የቀረው ሕፃን ቢኖር ዛሬ ሚስት አግብቶ፣ እንደ አባቱ እየሳቀ ሰፈር ይቀሰቅስ ነበር። ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ ወጥቶለት እንደሆነም አልጠየቅሁም። አባቴን ለብዙ ዓመት በልቤ ወቅሼዋለሁ፤ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ እያልኩ። ግን ጋሽ ወንድሙ ያለውን እኔም ሰምቼ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ብናገር ማንም አይቀየመኝም ነበር። ያን ጠዋት ፒክአፑ ባዶውን ሊመለስ ሲዞር መንገዱ መሐል ቆሜ ስለነበር ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋብኝ፤ እኔም ዞር አልኩለት።