በጊታሩ ላይ የነበረው መስቀል

ይንገሩን ብለው የያዙኝ ልጆቹ ናቸው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ ሳወራ የልጄ ልጅ ህሊና በስልኳ ትጽፋለች፣ ወሬዬ እንደ ፍየል ገደል ገደሉን ሲል ደግሞ እየመለሰች መንገድ ታስገባዋለች።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው እሑድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ልሞቅ ቁጭ እንዳልሁ ከቤት ውስጥ የአረቄ ሽታ መጣብኝ። እኔ ቤት አረቄ ገብቶ አያውቅም፤ የማይገባበትም ምክንያት አለው፣ እደርስበታለሁ። ደንግጬ ዘው ስል ህሊና ያን አሮጌ ጊታር ከግድግዳ አውርዳ፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ከበሽታው ጊዜ የተረፈውን የእጅ አልኮል ጥጥ ላይ እያንጠባጠበች ፊቱን ትጠርጋለች። ስልኳን ከስኒ ጋር አስደግፋዋለች፤ ስልኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ የማርከር ቀለም በአልኮል፣ ጭረት ደግሞ በጥርስ ሳሙና እንዴት እንደሚለቅ እያሳየ ይለፈልፋል። ጥጡ ጠቁሯል። ከጊታሩ ቀዳዳ በታች፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት መስቀል የለም።

«ህሊናዬ፣ ምን አደረግሽ?» አልሁ።

«ጸዳ እኮ እምየ! ሁለቴ ሳብ ሳላደርገው ለቀቀ። ይኼ ጭረት ነው ያስቸገረኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የቧጨረው?»

በልጅቱ አልፈርድም። ቀለሙ ከመደብዘዙና ከመዝረክረኩ የተነሣ ለማያውቅ ሰው እድፍ ነው እንጂ መስቀል አይመስልም፤ እኛም ቤት ስለዚያ ጊታር አፍ ዘግቶ መኖር ልማድ ሆኖብን ማንም የነገራት የለም። አገር ጎብኚው እንግዳ ከጦርነቱ ወዲህ መለስ መለስ ማለት ጀምሯል፣ ሆቴል ውስጥ ልትጫወትበት አስባ ነው ያሳመረችው። እኔ ግን መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ያን የጠቆረ ጥጥ ከእጇ ወስጄ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ያን ጊዜ ፊቴን አየችና ወንድሞቿን ጠራች፤ ከበው ይንገሩን አሉኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን እዚሁ ላሊበላ፣ በቀይ ድንጋይ በክብ የተካበ ባለ ደርብ ጎጆ ነው፤ ከታች በጎቹ፣ ከላይ እኛ፣ በክረምት የበጎቹ ትንፋሽ በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ሲያሞቀን እግሬን በስንጥቁ ላይ አድርጌ እተኛ ነበር። ልጆቻቸው እኔና ወንድሜ መላኩ ብቻ ነን፤ በመካከላችን የተወለዱት አልበረከቱም። አያ መላኩ ነበር የምለው፤ እሱ ጢም ማብቀል ሲጀምር እኔ ገና የወተት ጥርሴ ይነቃነቃል። ዲቁናውን ጀምሮ ትቶት ሆቴል እየዋለ የእንግዳ ሻንጣ ይሸከም ነበር፤ ይኼ ለአባቴ አንድ ቁስል ነው።

አንድ ክረምት ዝናቡ ጠናና አውሮፕላኑ ጭቃው ላይ ማረፍ አቃተው፤ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ አንድ ፈረንጅ አገራችን ላይ ታግዶ ቀረ። መላኩ ሰበሰበው፤ ሽሮአችንን እየበላ፣ በርበሬው አፍንጫውን እያስነፈጠው ከረመ፤ ሰማዩ ሲጠራ ጊታሩንና አንድ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር እስክሪብቶ ሰጥቶት ሄደ። ልጆቹ አሁን ማርከር የሚሉት መሆኑ ነው። ጊታሩ የማር ቀለም ነበረው፤ ፊቱ ከማብረቅረቁ የተነሣ እኔ ጥርሴን እያየሁበት የትኛው እንደሚወልቅ እመርጥ ነበር። እናቴ ደግሞ በቀዳዳው አጮልቃ «ውስጡ ምንድን ነው የሚቀመጠው?» አለች። ምንም አይቀመጥም ቢላት አላመነችም፤ እንዲህ ያለ ሆድ ተሸክሞ ባዶውን ከሚዞር በርበሬ ቢይዝልኝ ምን ነበረበት እያለች ስንት ቀን ስታጉረመርም ሰነበተች።

መላኩ ማንም አላስተማረውም። አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደርቡ ላይ ይቀመጥና እንደ ክራር እየነካካ፣ ሲስት እየሳቀ፣ ሲያገኘው ዝም እያለ ይጫወታል። ድምፁ እንደ በገና አያጉረመርም፣ እንደ ክራርም ስል አይደለም፤ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ውኃ እንደሚያሰማው ያለ ነው። እናቴ ታች ሆና እህል ስታበጥር ሰፌዷ ሳታውቀው ከጣቶቹ ጋር ይሄዳል። እንዲያ ያለ ቤት ውስጥ ነበርን፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ቤት እንዲያ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ አንድ ቀን ሰሙ። አልጮሁም፣ ጮኸውም አያውቁ። «ዘፈን ቤቴ አይገባም፤ በገና ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ቁጭ ብዬ እሰማህ ነበር» ብለው ጥለውት ወረዱ። መላኩ ይህችን ቃል ያዘ። ጎረቤታችን በጾም በገና የሚደረድሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የበገናቸው አናት ላይ መስቀል ተቀርጿል። እንግዲህ መስቀል ካለበት በገና ነው አለ ልጅ በልጅነቱ። አባቴ ቀትር ላይ ጋደም ሲሉ የእጅ መስቀላቸውን ከራስጌያቸው አንሥቶ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ በዚያ በፈረንጁ እስክሪብቶ ጊታሩ ላይ ሳለው። ሐረጉ አልቀረው፣ ቋጠሮው አልቀረው። እኔ ጠረኑ አፍንጫዬን እየቆነጠጠኝ አጠገቡ ተቀምጬ ዝንብ እከለክልለት ነበር።

ማታ አባቴ ሲገቡ ጊታሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ፊታቸው ያዘላቸው። አባቴ መስቀል አዩ፤ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ከዚያ ቀና ሲሉ ነው ምኑን እንደተሳለሙ ያዩት። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔም ሳቅሁ። ያ ቤት ከዚያ በኋላ እንዲያ ሲስቅ አላስታውስም።

«ከእንግዲህ ይኼ ዕቃ አይመታም» አሉ አባቴ። «መስቀል አለበት።»

«እሺ አባየ፣ አጠፋዋለሁ።»

«መስቀል ይጠፋል እንዴ?»

በቃ። ጊታሩ ከነመስቀሉ አይመታም፤ መስቀሉ ደግሞ አይጠፋም። የአሁን ልጆች ትስቁ ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ይኼ የድንጋይ ያህል ነገር ነበር፤ መላኩም የቄስ ልጅ ነውና ለራሱም ከበደው። ጥቂት ቀን ታገሠ። ከዚያ አልቻለም፤ እኔን አስከትሎ ወደ ወንዝ ወረደ። እንዶድና የምድጃ አመድ ይዟል። በስመ አብ ብሎ አማተበና ማሸት ጀመረ። መስቀል ሊያጠፋ ተነሥቶ በማማተብ መጀመሩን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም፤ አሁን ግን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ልብሳችንን የሚያነጣው እንዶድ ያን ቀለም አላቀለጠውም፤ አመዱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ድንጋይ ግን ያን የሚያብረቀርቅ ፊት እንደ ድመት ጥፍር ቧጨረው። መስቀሉ ተዝረከረከ እንጂ አልሄደም። መላኩ እያለቀሰ ያሻል፣ ባሸ ቁጥር ጭረቱ ይበዛል። ህሊና በጥርስ ሳሙና ስታሸው የዋለችው ጭረት ይኼ ነው።

አባቴ ከእርሻ ሲመለሱ እዚያው ደረሱብን። «በአመድ?» አሉ። «የመስቀልን ፊት በአመድ?» አልመቱትም፤ ቢመቱት ይሻል ነበር። ጊታሩን በነጠላቸው አድርቀው ተሸክመው ወሰዱትና፣ መስቀል ያለበት ነገር መሬት አይቀመጥም ብለው ደርቡ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት። እናቴ ምስኪን ለሥዕሉ ስትሰግድ ጊታሩን ለይታ መተው እየቸገራት ለሱም ትሰግድ ነበር።

መላኩ ከዚያ ወዲያ እህል አልጣፈጠውም። ጊታሩ ሥር ይቀመጣል፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይሄዳሉ፣ ድምፅ የለም። አንድ ቀን አባቴ እግር ሥር ወድቆ «አባየ፣ አንዴ ይፍቱልኝና ልጥረገው፤ ያለሱ መኖር አቃተኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ አነሡት። «ልጄ፣ መስቀልን የምፈታ እኔ ማን ነኝ?» አሉት። ድምፃቸው ከሱ ድምፅ ይልቅ የተሰበረ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ወዴት ብትላቸው እናቴን «መጣሁ» ብቻ ብለው ወጡ። መላኩ መውጣታቸውን አየ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጋቢውን አጣፍቶ ብልባላ ገበያ ደርሼ ልምጣ አለ። ወደ ደርቡ ሲወጣ ተከተልሁት። ጊታሩን ሳያወርደው፣ በጥፍሩ አንዱን ጅማት ብቻ ነካው፤ ድምፁ ቤቱን ዞሮ ዞሮ እስኪሞት ቆሞ ጠበቀ። ከረሜላ አምጣልኝ አልሁት። እሺ አለኝ። ጉንጬን ሳመኝና ወረደ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጡ። እግራቸው አቧራ ለብሷል፣ ፊታቸው ግን እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ገና ከደጅ «መላኩ! መላኩ የት አለ?» ይላሉ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጨርቅ የተወተፈበት ጠርሙስ አወጡ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። አረቄ ነው። ከጠላ ሌላ ቀምሰው የማያውቁ ቄስ! እናቴ ክው ብላ ቀረች። ብልባላ መሄዱን ስትነግራቸው «እሺ፣ ይምጣ» ብለው ጠርሙሱን በእግሮቻቸው መካከል አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በጎቹ ገቡ። ጎረቤቱ እሳቱን አዳፈነ። አባቴ ከደጃፉ አልተነሡም።

በማግሥቱ ብልባላ ሰው ሄደ፤ ያየው የለም። ከኮን ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ነው ኋላ፣ የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ ያለው። እናቴ ያን ስትሰማ ጠርሙሱን አነሣች። «ልጄ ከቤት ሲጠፋ እርስዎ አረቄ ፍለጋ ሄደው ነበር!» ብላ ፍግ ላይ ደፋችው። አባቴ ሲንዶቀዶቅ ዝም ብለው አዩ።

ወሬው ግን አልተደፋም። ቄሱ መጠጥ ጀምረዋል፣ ልጃቸውን ያባረረው ስካራቸው ነው ተባለ። እኔም ልጅ ነኝ፣ አመንሁ። ጠዋት መስቀላቸውን ስሳለም ትንፋሻቸውን በስርቆት አሸት ነበር፤ የቆየ መጽሐፍና የጧፍ ሽታ እንጂ ሌላ አላገኘሁም፤ ይኼም ብልጠታቸው ነው እል ነበር። ትዳር ይዤ ስወጣ በቤቴ አረቄ እንዳይገባ ያልሁት ለዚህ ነው። አባቴ እስኪሞቱ ሲመሽ ሲመሽ ያ ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር።

መላኩ አንዴ ወታደር ሆነ አሉን፣ አንዴ ባሕር ተሻገረ አሉን፤ ኋላ ይኼን የሚልም ጠፋ። መቃብሩን አላውቅም። ፎቶግራፍ የለውም። በዚህ ዓለም ላይ እጁ የሠራው ያ መስቀል ብቻ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ እንኳ ከእህል አስቀድሜ ጎታ ውስጥ የደበቅሁት ጊታሩን ነው። አሁን መስቀሉ ሁለቴ ሳብ ሲደረግ ሄዷል። አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ሥራ ነበር ለካ። የቀረው ጭረቱ ነው፤ እሱንማ ማን ያስለቅቀዋል። ህሊናም ታሪኩን ከሰማች ወዲህ አልነካችውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቅላዋለች። ጥጡ እስካሁን በነጠላዬ ጫፍ ነው። ማታ ማታ አሸተዋለሁ፤ ሽታው እንኳ እየሄደ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ በሞተች ጊዜ፣ እኔ ራሴ ልጆች ድሬ፣ ለቅሶ ከመጡት አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ከሰው ለዩኝ። መላኩ በጠፋበት ዘመን ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ አረቄ እየሸጡ ይኖሩ ነበር። ያን ቀን አባቴ ገዳሙ ድረስ በእግራቸው የሄዱት ስለ መስቀሉ አንድ አባት ሊጠይቁ ነው አሉኝ። መነኩሴውም፣ መስቀሉ ልጅ በቀለም የሳለው፣ ያልተባረከ ነው፤ ልጁ ራሱ በክብር ይጥረገው ብለው ፈቅደውላቸዋል። አባቴ ሲመለሱ እኚሁ አሮጊት ቤት ጎራ አሉ።

«‹አባ፣ እርስዎም ጀመሩ?› ብዬ ቀለድሁባቸው» አሉኝ አሮጊቷ። «ሳቁልኝ፤ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ‹ለመጠጥ አይደለም› አሉኝ። ‹የፈረንጅ ቀለም በአረቄ ይለቃል ብሎኛል የሆቴሉ ዘበኛ፤ ልጄ ይጥረገውና ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።›»